ወለምታ ነው፣ ቅቤ አምጡ

ቦንጋ ውስጥ አዳልጦት መውደቅ ነውር አይደለም። ዝናቡ ወር አይመርጥም፣ ቀዩ ጭቃ ሹምና ተራ ሰው አይለይም፣ ከተማው ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት እንጂ ሜዳ ብሎ ነገር የለውም። ኃላፊ ከነቦርሳው ሲንጋለል አይቻለሁ። ቄስ ከነጃንጥላቸው ቁጭ ሲሉ አይቻለሁ። ሰው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ቂጡን ያራግፋል፣ ማንም እንዳላየው ሆኖ መንገዱን ይቀጥላል፤ እኛም እንዳላየ እናልፈዋለን፣ ማታ ግን ለቤተሰብ እናወራዋለን። እኔ ስወድቅ ግን አልተነሳሁም። ጭቃው ላይ ወድቄ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። የወደቅሁት ለክብር በተነጠፈ ኮባ ላይ ነው።

ጊዜው ባጃጅ ወደ ከተማችን ገና ብቅ ያለበት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የአሠራር ለውጥ ነው እያለ ቢፒአር ቢፒአር ሲል የሚውልበት ዘመን ነው። እኔ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የማገባው ልጅ ዋጫ ከተማ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ሲሆን በሚኒባስ ተጨናንቆ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይመጣልኛል። ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ። የእሱን ድርሻ ጨምሬ ስለማወራ ተስማምተን እንኖር ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ቤታችን መጡ። እናቴ የሰው ዓይን የምትፈራ ሴት ናት። ሌሊቱን ዘንቦ ግቢው ቦክቶ ስለነበር «የሰው ጫማ ጭቃ ይንካው?» ብላ ከጓሮ ትልልቅ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ከአጥር በር እስከ ቤቱ ደጃፍ አነጠፈችው። ኮባ ዳቦ ሲጋገርበት ወደር የለውም። ውሃ ሲነካው ግን ሳሙና ነው። ሽማግሌዎቹ አገሩን ያውቃሉ፤ ምንጣፉን አዩ፣ እናቴን መረቁ፣ ከዚያ ከዘራቸውን እየተከሉ በጠርዙ በጭቃው በኩል ገቡ። በእናቴ ኮባ ላይ የተራመደ አንድም ሰው አልነበረም።

ቀኑ ተቆረጠ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ እሁድ። ተበላ፣ ተጠጣ። ሊሄዱ ሲነሱ እናቴ ሸኚያቸው ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። የአክስቴን ልጅ ባለ ተረከዝ ጫማ ተውሼ አድርጌያለሁ፤ ከእግሬ ይሰፋል። አንገቴን ደፍቼ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ መሀል መሀሉን በኮባው ላይ ሄድኩ። ቀኝ እግሬ ወደ አጥሩ በር ሄደ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በኋላ ሲያወራ እንጨት የተሰበረ መስሎት ነበር አሉ። መሬቱ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳየው ከጉልበቴ በታች መሀሉ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ማጠፊያ ወጥቶበታል።

የሽማግሌዎቹ አለቃ የልጁ አጎት ናቸው። የልጁ አባት ከሞተ ጀምሮ የዚያ ቤት ቁልፍ እሳቸው ናቸው፤ ሳይፈቅዱ አይታረድም፣ ሳይፈቅዱ አይዳርም። ወጌሻም ነኝ ይላሉ። ወጌሻ አይደሉም። አንድ ጊዜ የጎረቤት በሬ እግር ሲያሹት በሬው ተነስቶ ሄደ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ወጌሻ ናቸው። በሬው እሳቸውን ሽሽት ተነስቶም እንደሆነ የጠየቀ የለም። መጡና ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ወለምታ ነው፣ ቅቤ አምጡ» አሉ።

እናቴ ቅቤ ፍለጋ ሮጠች። እሳቸው ቅቤውን አልጠበቁም። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ወረወሩ፣ ተንበረከኩ፣ ተረከዜን በአንድ እጅ፣ አውራ ጣቴን በሌላው ያዙና ሳቡ። ሲስቡኝ ሰማይና ምድሩ ተደባለቀብኝ።

«ልቀቀኝ፣ አንተ!» አልኩ።

ይኸው ነው። ስድብ አልወጣኝም። በሆዴ ብዙ ነበር፤ አባታቸውን፣ በሬውን፣ በሬውን ያሳሻቸውን ሰው ሁሉ የሚያዳርስ ነበር፤ ያ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ቀረ። የወጣው «አንተ» ብቻ ነው። ግን እናቴ ቅቤውን በሣህን ይዛ ደጃፉ ላይ ደረቀች። እሳቸው እግሬን እንደ ትኩስ ምጣድ ለቀቁት፤ እሱም ሌላ ጉድ ነው፣ ሲለቁት የባሰ ጮህኩ። ተነሱ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ።

«የእግሩስ ይታሻል ልጄ» አሉኝ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።»

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። በጭቃው በኩል።

የቦንጋን ነገር ለማያውቅ ሰው ይህን መንገር አለብኝ። እዚህ አንተና አንቱ ማቀላቀል ብርቅ አይደለም። ግማሹ ከተማ አማርኛን የያዘው ከአፍ መፍቻው ከካፊኖኖ በኋላ ነው፤ ገበያ ብትወጡ ሽበታሙን ሰውዬ «አንቺ» ብላ ማር የምትሸጥለት አለች፣ ሕፃን ልጅን «ይምጡ» የሚል አለ። ይሳቅና «አማርኛው ነው» ተብሎ ይታለፋል። ለእኔ ግን ያ ምሕረት የለኝም። እኔ ከሰሜን ከመጡት ወገን ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፣ እንጀራዬም አማርኛ መተየብ ነው። እናቴ እዚያው ጭቃው ላይ እንደተጋደምኩ «አንቺ በምን ታመካኛለሽ?» አለችኝ። እግሬን ሳትጠይቅ።

በባጃጅ ወሰዱኝ። እግሬ ስለማይታጠፍ በጎን በኩል አውጥተነው፣ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋበት፣ ገበያውን ሰንጥቀን አለፍን። ሆስፒታል ያገኘን ጤና መኮንን ወጣት ነው፣ እንደ ተማረ ሰው በእንግሊዝኛ ነው የሚያዝነው። ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ አየና ለእናቴ ዞሮ፣ «ቲቢያ ነው» አላት።

እናቴ «ቲቢ»ውን ሰማች፣ የቀረውን አልሰማችም። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ልጄን የሳንባ ነቀርሳ በላት ብላ አለቀሰች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ከእኔ ራቅ ራቅ አለ፤ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጤና መኮንኑ ቲቢያ የአጥንት ስም ነው፣ ከሁለቱ ትልቁ ነው፣ ትንሿ ፊቡላ ደህና ናት እያለ ያስረዳል፤ ፊቡላ ሲል ጭራሽ ሁለተኛ በሽታ ተጨመረ። መጨረሻ ላይ እኔው ከአልጋው ላይ «ቅልጥሟ ነው በላት፣ ቅልጥም!» ብዬ ጮህኩበት። ቅልጥም ሲባል ነፍሷ ተመለሰች። ቅልጥም ታውቃለች፤ ከሥጋ ቤት ለሾርባ ታስመጣዋለች።

ከጭኔ እስከ ጣቶቼ በጀሶ ታሸግሁ። ጤና መኮንኑ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶታል፤ ካልረገጥኩበት ይገጥማል፣ ከረገጥኩበት ግን ይዛባና ዕድሜ ልኬን እንዳነከስኩ እቀራለሁ። «ጣትሽን እንኳ መሬት እንዳታስነኪ» አለኝ። ይህችን በአማርኛ ነው ያላት፣ ስለዚህ ገባችኝ።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። ጠያቂ ደግ ነው፣ ብርቱካንና ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ግን ሰው እንዳይድን የሚያደርገውም እሱ ነው። አንዱ «እንኳን አንገትሽ አልሆነ» ይላል። ሌላው በጀሶ ታስሮ በስብሶ የተቆረጠ የአጎቱን እግር ያጫውታል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች በቡድን መጡ፤ ኃላፊያችን ከግምገማ በቀር ሌላ የንግግር ዓይነት ስለማያውቅ አልጋዬ ራስጌ ቆሞ ከአደጋው ምን ትምህርት እንደወሰድኩ፣ ጠንካራና ደካማ ጎኔ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ግራ እግሬ ጠንካራ ጎኔ፣ ቀኝ እግሬ ደካማ ጎኔ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይመስለኛል ተቀበለው።

በሳምንቱ ግን የአጎትየው መልእክት መጣ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብለዋል። ምክንያታቸው ሦስት ነው። አንደኛ ልጅቷ አፍ የላትም፣ ወይም ከልክ በላይ አላት። ሁለተኛ ቲቢ አለባት ይባላል። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ ሙሽራ ባሏ ቤት በቀኝ እግሯ ነው የምትገባው። በግራዋ የገባች ገደ ቢስ ናት፣ ያንን ቤት አይቀናውም። ይቺ ሙሽራ ቀኝ እግሯ ግድግዳ ሆኖ በምኗ ልትገባ ነው?

ከፋሲካ በኋላ ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የሰፈራችን አንዲት ልጅ ሠርጓ ከፋሲካ በኋላ ተብሎ ነበር፤ እስከ ዛሬ ፋሲካ አልደረሰላትም። ቅዳሜ እሱ ከዋጫ መጣ፣ አልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና ጀሶዬን ደባበሰ። አጎትህን እምቢ በላቸው አልኩት። «ቤቱ የእናቴ ነው፣ እናቴ ግቢ ካለች ማንም አይከለክልም፣ ግን እናቴ አትናገርም» አለኝ። ሲሄድ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። እወደው ነበር። ከነጭቃ ሱሪው፣ ከነዝምታው እወደው ነበር፣ በአንዲት «አንተ» ሊቀርብኝ ነው።

እናቱ የጨና አገር ሴት ናት። ዛሬ እንደ እናቴ ስለሆነች እሷ እላታለሁ፤ ያኔ እሳቸው ነበረች። አማርኛ የተማረችው ካገባች በኋላ ነው፣ ጥቂት ትናገራለች፣ የምትናገረውንም መዝና ነው። ለአጎትየው ስትሆን «እሺ»፣ «እርስዎ እንዳሉ»፣ በቃ። ሌላ ቃል ስትመልስላቸው የሰማ የለም። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ልትጠይቀኝ አለመምጣቷ ነው። የማላውቀው ሰው እንኳ ብርቱካን ይዞ መጥቷል። የሷ መቅረት መልስ ነው ብዬ ቆረጥኩ።

አንድ ቀን ከገበያ መልስ መጣች። ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች፣ ገባች፣ እናቴ ተቀመጡ እያለች ስትራወጥ እሷ ቀጥ ብላ ወደ እግሬ ሄደች። ጀሶውን በጣቷ መገጣጠሚያ ቆረቆረችው፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

«እውነት አንተ አልሽው?» አለችኝ።

ልዋሽ አሰብኩ። ግቢ ሙሉ ሽማግሌ ሰምቶኝ ምኑን እዋሻለሁ።

«አዎ፣ እማማ» አልኩ።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ትስቅ ይሁን ትጸየፍ አላወቅሁም፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ ከዘንቢሏ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ይማርሽ አለች፣ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ስንፈታው ለጋ ቅቤ ነው።

እኔና እናቴ በዚያ ቅቤ ተጣላን። ቅቤው ለእግሬ ከሆነ የአጎትየውን ቃል ደግማ ነው የመጣችው፤ ወለምታ ነው፣ ጥፋቱም የአፍሽ ነው ማለቷ ነው። ለፀጉሬ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ለሙሽራ ፀጉር ቅቤ የሚያመጣ ሰው ሙሽራዋን ይፈልጋታል። እናቴ ለእግር ነው ብላ ድርቅ አለች፤ አቅልጣ በጀሶው አፍ በላይ በኩል ልታፈስልኝ ሁሉ አስባ ነበር። እኔ ሣህኑን ቀምቼ አናቴ ላይ ለቀለቅሁት። ብሳሳት ፀጉሬ ይጠቀማል አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ሲመጣ እናቱ ጠጅ መጣሏን ነገረኝ። ማንንም ሳታማክር፣ ማሩን አስመጥታ፣ በትልቁ ጋን። አጎትየው ምንድነው ይሄ ቢሏት «ጠጅ ነው» ብላቸዋለች። የተጣለ ጠጅ ደግሞ ፋሲካን አይጠብቅም፤ ሠርጉ በቀኑ ሊሆን ነው። አጎትየውም ነገሩ እንዳመለጣቸው ሲያዩ ቃላቸውን አሳጠሩ። ጠጁ ይጠጣ፣ ሙሽሪትም ትምጣ፣ ግን «እኔ ቆሜ በግራዋ አትገባም፣ ከደጃፍ እመልሳታለሁ» አሉ። ይህንን ለሚሰማውም ለማይሰማውም አወሩት። በሠርጌ ዕለት ሰው ሊያይ የመጣው ቬሎዬን አልነበረም።

እሁድ ደረሰ፤ ጠዋቱን ዘንቦ አባራ። ቬሎው ሰፊ ነው፣ ጀሶው ነጭ ነው፤ ከጣቶቼ በቀር ጉዳቴ አያስታውቅም። ክራንቹን የተዋስነው ከአንድ ቁመተ ረጅም ጎረቤታችን ስለነበር ብብቴ ተሰቅሎ፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሶ ነው ሙሽራ የሆንኩት። ከመኪናው አውርደው ሲያቆሙኝ መጀመሪያ ያየሁት መሬቱን ነው። እንደ ወጉ ኮባ ይነጠፋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኮባ የለም። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፉ ደረቅ የቡና ገለባ ወፍራም ሆኖ ተበትኗል። ክራንቼን ጭብጥ አድርጎ ያዘልኝ። እናቱ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቀሚሷ ላይ ገለባ አለ።

አጎትየው በሩ መሀል ላይ ከዘራቸውን ተክለው ቆመዋል። ዘፈኑ ቀዝቀዝ አለ። ሚዜዎቹ እንሸከማታለን ብለው ሊያነሱኝ ሲሉ ከልክለው፣ ሬሳ ነው እንዴ ተሸክማችሁ የምታስገቡት አሉ። በእግሯ ትግባ፣ በቀኟ። እሱ፣ የእኔው ዝምተኛ፣ ላብ አጥምቆት «ጋሼ፣ እባክዎ» አለ። ሰምተው አልሰሙትም። ሕዝቡ ወደ እኔ ዞረ። እናቴ ከኋላዬ ታለቅሳለች፣ ይሰማኛል።

ያን ጊዜ በልቤ ልረግጠው ነው አልኩ። አንዴ ብቻ። ይጣመም፣ ላነክስ፣ ከመመለስ ማነከስ ይሻላል። ክራንቹን ወደ ግራ አስጠጋሁና ቀኝ እግሬን ከነጀሶው ወደ ደፉ አነሳሁት። ጣቶቼ ደፉን ሊነኩ ሲሉ አንድ እጅ ከበታች ጀሶውን ደግፎ ያዘው።

«አትርገጪው» አለች እናቱ።

ጎንበስ ብላ እግሬን እንደያዘች ቀና ብላ አጎትየውን አየቻቸው። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«እኔ በቀኝ እግሬ ነው የገባሁት» አለች። «ዓመት ሳይሞላ ባሌን በዚህ በር አወጣሁት።»

ከዚያ ሁላችንም የሰማናትን ተናገረች።

«አንተ፣ ዞር በል።»

 የአጎትየው ፊት ጠቆረ፣ ቀላ። ወደ ሕዝቡ ዞሩና ለመሳቅ ሞከሩ።

«አማርኛዋ ነው» አሉ።

«አማርኛዬ ደህና ነው» አለች።

ዞር አሉ። ምን ያድርጉ። ከዘራቸውን ነቅለው ወደ ድንኳኑ ሄዱ፣ ጠጁንም ከሁሉ ቀድመው ጠጡ። እኔ ክራንቼን አስቀድሜ፣ እሷ ጀሶዬን በእጇ እንደያዘችልኝ፣ ሰው ሁሉ እያየ በግራ እግሬ ገባሁ። ውስጥ ስታስቀምጠኝ ወደ ሻሼ ጠጋ ብላ ፀጉሬን አሸተተች።

«እሰይ» አለችኝ በጆሮዬ። «እናትሽ እግርሽ ላይ ታደርገዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር።»